ጋሽ ፍቅሬ ለእንግዳ ሲነሡ

ጋሽ ፍቅሬ ዕድሜያቸውን ቆመው የኖሩ ሰው ናቸው። ጎልማሳነታቸው ያለፈው ፒያሳ በአንድ ኬክ ቤት፣ ከባንኮኒው ኋላ ማኪያቶ ሲቀዱ ነው። ከሥራ ውጭም ቢሆን እንግዳ ሲገባ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ብድግ ብለው «ኖር» ካላሉ እናታቸው ከመቃብር የሚቆጧቸው ይመስላቸዋል።

አሁን የሚኖሩት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ የውቤ በረሃው ቤት ፈርሷል፤ ልጃቸው ሚኪያስ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከመንገድ አይጠፋም። እሳቸው ግን አያማርሩም። መጦሪያው ንጹሕ ነው፤ ሰዉም ደግ ነው። ከሁሉ በላይ በየወሩ የጊዮርጊስ ለት ከዘራቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ሄደው ያስቀድሳሉ።

ይህቺን ደስታ ሊያሳጣቸው የደረሰው መውደቅ ነው። አንድ ቀን የዕድራቸው ሰዎች ሊጠይቋቸው ሲገቡ ከአልጋቸው ብድግ አሉ፤ ዓይናቸው ጨለመና ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተሙ። ብዙም ሳይቆይ ለወጥ ቤቷ እናት ሲነሡ ወድቀው እጃቸው ወለም አለ። የመጦሪያው ኃላፊ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከወደቁ ከግቢ የሚወጡት በተሽከርካሪ ወንበር ብቻ እንደሚሆን ነገሯቸው።

ነርሷ ኑሰይባ፣ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ የአራዳ ልጅ፣ ነገሩን ደጋግማ አስረዳቻቸው። ሰው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ ቆይቶ ድንገት ሲነሣ ደሙ ወደ ራስ ቶሎ አይደርስም፤ ስለዚህ እግርን መሬት አስይዞ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ጋሽ ፍቅሬ ይሰማሉ፣ ይመርቋታል፤ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉንም ይረሱታል።

«ልጄ፣ ሰው እየገባ ተጎልቼ ልጠብቅ? ስድ አደግ አይደለሁም እኮ» አሏት።

ኑሰይባ ቢጨንቃት የንስሐ አባታቸውን መምሬን በር ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«አባ፣ እናንተ ግዝት የምትሉት ነገር አለ አይደል? እባክዎን እሱን ይጣሉባቸው።»

መምሬ ሳቃቸው መጣ። ለዚህ ግዝት እንደማይጣል ነገሯትና ወደ ክፍሉ አመሩ። ጋሽ ፍቅሬ መስቀሉን ገና ሲያዩ የአልጋውን ብረት ጨበጡ። መምሬ ከደፉ ላይ ቆሙ።

«እዚያው ይቆዩ። እግርዎን መሬት አስይዘው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳይደግሙ አይነሡ። ለማንም ቢሆን እንደዚሁ።»

«አባቴ፣ እርስዎን ደጅ አቁሜ?»

«ለሚመጣው ሰው መጸለይ ለእሱ ከመነሣት ያነሰ ክብር ነው?»

ጋሽ ፍቅሬ እግራቸውን መሬት አስያዙ። አንገታቸውን ደፍተው ጀመሩ።

«ቀስ ይበሉ» አሉ መምሬ፤ «ማኪያቶ የታዘዙ አስመሰሉት።»

እስከ አሜን ድረስ ደግመው ተነሡ። ክፍሉ አልዞረባቸውም። «ኖር» ብለው መስቀል ተሳለሙ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረጉት። ኬክ ቤት አብሯቸው የሠራው አስገዶም የመጣ ዕለት ግን ጸሎቱ ሳያልቅ እንግዳው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነበር።

«በእግዜር» አለ አስገዶም፣ በመጨረሻ ሲነሡለት። «ድሮም ሒሳብ ከተከፈለህ በኋላ ነበር የምትነቃው።»

ጋሽ ፍቅሬ ቆመው ሳቁ።

ወራቱ ያለ መውደቅ አለፉ። ኃላፊውም የወንበሩን ነገር አላነሡም። አንድ የጊዮርጊስ ለት ማለዳ ሚኪያስ ከመንገድ ተመልሶ አባቱን ሊወስድ መጣ። በሩን ከፍቶ ሲያይ አባቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ነገሩን ኑሰይባ ነግራው ስለነበር ኮፍያውን አውልቆ ደፉ ላይ ጠበቀ። ከልጅነቱ ወዲህ እምብዛም የማይጸልየው ሰው መጨረሻዋን አብሮ ደገመ።

ሁለቱም አሜን ሲሉ ጋሽ ፍቅሬ ቀስ ብለው ተነሡ። የልጃቸውን ክንድ ይዘው በእግራቸው ወጡ።