እማዬ የሰፋችው መጋረጃ

ከቦንጋ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የሰው እናት አልቅሳ ትሸኛለች፤ የእኔዋ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አስገብታ፣ "ቤት ስትይዢ የመስኮትሽን ልክ ላኪልኝ። መጋረጃ በሌለው ቤት ኖረሽ እንዳታሳፍሪኝ!" አለችኝ። እማዬ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከዋጫና ከሺሺንዳ ሳይቀር እየመጡ ያሰፏታል። እንባዋን ያየሁት አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ፣ ሁለት ዓመት ከሰው ጋር ተዳብዬ ኖርኩ። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው፤ የሰው እናት አጥባለሁ፣ የሰው እናት አጎርሳለሁ። በመጨረሻ የራሴን አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየኝ መስኮቱን ነው።

"ቤይ ዊንዶው!" አለኝ ደረቱን ነፍቶ። ሦስት ፊት ያለው፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱን ወደ መንገድ የገፋ መስኮት።

"መጋረጃ መስቀል እችላለሁ?"

"እንዴታ! ግን ግድግዳው አይበሳም፣ ምስማር አይመታም፣ ሙጫም ክልክል ነው።"

"ታዲያ በምን ይሰቀል? በጸሎት?"

"እሱ የአንቺ ምርጫ ነው" አለኝ ኮስተር ብሎ። እዚህ አገር ሰውን የሚያበሽቁት አክብረው ነው።

በኢሜይል ለምኜ ለምኜ የመጋረጃ መስቀያ ብረት ለማሰር ፈቀደልኝ። ልኩን እንዳገሬ ወሰድኩ፤ ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ አድርጌ ወጥሬ ለካሁና ለእማዬ ላክሁላት። ሰፍታ፣ አጥፋ፣ በሰው ላከችልኝ። ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ላይ ነጭ አበባ አለበት። ወንበር ላይ ወጥቼ ስሰቅለው ሁለቱን ፊት ሸፈነና ሦስተኛው ጋ ሳይደርስ አለቀ! ለካ እኔ የለካሁት ቀጥታውን ነው፤ መስኮቱ ግን ዞሮ ነው የሚሄደው። ብቻዬን ሳቅሁ። "የመጋረጃ ሰፊ ልጅ ሆነሽ ልክ መውሰድ አቅቶሽ!" ብላ ስትሰድበኝ ለመስማት ቸኮልኩና ደወልኩ።

ያነሳችው ታናሽ እህቴ ብርቄ ናት። "እማዬ ዋጫ ለሠርግ ሄዳለች" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስደውል ጸበል ገብታለች። በሳምንቱ ደግሞ ማንኪራ ዘመድ ጋ ናት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። እግሯን እያመማት ከገበያ መመለስ የሚያቅታት ሴት፣ ወር ባልሞላ ጊዜ ካፋን አዳረሰችው!

"ብርቄ፣ እማዬ ካድሬ ሆነች እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

ሳቀች። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

"በይ ስትመጣ፣ ልኩን አሳስቼ ነው፣ ለአንድ ፊት የሚሆን ጨርቅ ትጨምርልኝ በያት።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ።"

አንድ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ እዚህ ካለነው ሐበሾች በዕድሜ ትልቋ። ከኋላቸው አራት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በማለዳ፣ ሳይደውል፣ ተሰብስቦ የሚመጣ ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ማን አለ?

"ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ።

"እትዬ፣ አይንገሩኝ! በማርያም አይንገሩኝ!"

ነገሩኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው፣ ብርቄ እዚህ ደጋፊ ሰው እስክታፈላልግልኝ ደብቀውኝ ነበር። ሴቶቹ አብረውኝ አልቅሰው፣ ሽሮ ሠርተው በግድ አጉርሰውኝ፣ ከሰዓት በኋላ ወደየሥራቸው ሄዱ። እኔ ወደ ቦንጋ ደወልኩ።

"ብርቄ፣ መቼ ነው?"

"መጋረጃውን በላከች በሳምንቱ። ተኝታ አልነቃችም።"

"ስትስቂብኝ ከረምሽ?"

"ብቻሽን ነሻ! ማን ይይዝሻል? አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትነግሪኝ ነበር?"

እሪ ብዬ አለቀስኩ፣ እሷም እንድትቀበለኝ ጠበቅሁ። ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ አንድ ሰው ይስቃል።

"ድንኳኑስ? ሰዉስ የታለ? ምነው አታለቅሱም?" አልኳት።

"እህቴ፣ አርባዋ ወጣ እኮ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እኛ አልቅሰን ጨረስን።"

እኔ ገና ዛሬ መጀመሬ ነው። አብሮኝ የሚያለቅስ ከየት ይምጣ?