ሳጉሬ ላይ ያገኘሁት ታማሚ

አሰላ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የጢቾ ቅርንጫፋችንን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ በርቀት ቀየርኩና ግንኙነቱ ተቋረጠ። የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አሮጌ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካልተነሳ አዲሱን አድራሻ አይቀበልም። ይህን የማውቀውም የረሳሁትም እኔ ነኝ። እዚያ ደግሞ ባለጉዳይ ተሰልፏል። በስልክ ብቻ ለማውቃቸው ለቅርንጫፉ ኃላፊ ለኦቦ ገመቹ ደወልኩ።

«ችግሩ ካርዱ ላይ ነው፤ አንዴ...» ስል መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብሞክር እምቢ አለ፤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሳጉሬ ላይ ከጢቾ የመጣ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። መስኮቱ ጋ አንድ ሽማግሌ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጅ የታመመባቸው መስሎኝ አንጀቴን በሉት።

«እግዜር ይማርልዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

«አሜን፣ ልጄ። አሰላ ይድናል ብዬ ነው።»

«ይድናል፣ አይስጉ።»

ጢቾ ስደርስ ባለጉዳዩ እንደተሰለፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ገመድ ብቻ ቀርቷል። ጸሐፊዋን ኮምፒውተሩ የት እንደገባ ጠየቅኳት።

«ኦቦ ገመቹ በጋቢያቸው ጠቅልለው አሰላ ወሰዱት» አለችኝ። «ባለሙያው በመንገድ እንዳይንገላታ ብለው።»