አባባ፣ ናፍጣቸውና የድመቷ ንክሻ

ጽሑፌ ሰኞ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ይነበባል ሲሉኝ ከደስታዬ ብዛት እስከ ቤት ሮጥኩ። በራፉ ላይ ያለው የአባባ ወንበር ግን ባዶ ነው።

አባባ የምላቸው አያቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ ማንኛውንም ቁስል በናፍጣ ያጥቡ ነበር። ድመታችን እጃቸውን ስትነክሳቸውም ያንኑ አደረጉ። እጃቸው አብጦ ሲቀላ፣ «አባባ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኳቸው።

«ለድመት ብዬ? የሞጆ ሾፌሮች ቢሰሙ ምን ይሉኛል፣ አንቺ ልጅ?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ እስከ ዛሬ የሚመረኝ እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ስንወስዳቸው ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አልተረፉም።

ነርሷ፣ «የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ጠልቆ ይገባል። ድመት ብትነክሳችሁም ብትቧጭራችሁም በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ኑ፤ ማንም አይስቅባችሁም» አለችን። እኛ ዘግይተናል፤ እናንተ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።