ለእንግዳ የምትተርፍ ቁራሽ

አባቴ ማዕድ ላይ አንድ ልማድ ነበረው። ቢርበውም ቢጠግብም አንዲት ቁራሽ ሳይነካ ያስቀራል። «ተመስገን የተባለበት ማዕድ ባዶውን አይነሳም፤ እንግዳ ቢመጣስ?» ይላል። እንግዳ ካልመጣ ቁራሿ የእኔ ነበረች። ስለዚህ በልጅነቴ እንግዳ የሚባል ፍጥረት አልወድም ነበር።

ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ጣሊያኖች ኮልፌ ድረስ እየመጡ ወንዶቹን ሲለቅሙ አባቴንም ወሰዱት። እናቴ ስትጠይቅ ስትንከራተት ከርማ፣ ከተማ ካለው እስር ቤት መግባቱን ሰማች። እሱን ማየት ክልክል ነው። ስንቅ ግን፣ ጣሊያኖቹ ከሩቅ አገር ያመጡት አንድ አስካሪ የሚሉት ወታደር በር ላይ ተቀብሎ ያስገባል።

በየቅዳሜው እናቴ የገብስ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ፣ ባሕር ዛፉን አቋርጠን እንወርዳለን። አስካሪው ቋጠሮውን ይዞ ይገባል፤ ቆየት ብሎ ጨርቁን ባዶውን ይመልስልናል። እናቴ አራግፋ ታጥፈውና «ተመስገን» ትላለች።

እኔ ደሜ ይፈላል። ለምኑ ነው ምስጋናው? ጎተራችን ተራቁቷል፤ እኛ ጎመን ቅቅል እየበላን ከቂጣው የሚደርሰኝ ሽታው ብቻ ነው። እሷ ተመስገን ባለች ቁጥር እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ አባቴ ከተወሰደ ወዲህ ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። አስካሪውንማ መንገዱን ሙሉ ስረግመው ነው የምመለሰው።

አንድ ቀን የእናቴ ታላቅ ወንድም ከአስኮ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን የተናገረውም አንገቱን ደፍቶ ነው። ባልሽ ቁራሽ ሳያስቀር የሚነሳ ሰው አይደለም፤ ጨርቁ ሁልጊዜ ባዶ ከመጣ የሚበላው ሌላ ነው፤ እሱ የለም ማለት ነው አላት። የቀረችውን ገብስ ለዘበኛ ከምታበዪ ለቅሶ እንቀመጥ፣ ተዝካሩን እናውጣ አላት።

እናቴ አልደነገጠችም። ነገሩን እሷም ካሰበችው መቆየቷን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«ጋሼ፣ ለሱ ባይደርስስ፣ የበላው የራበው ሰው አይደል?» አለችው። «ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ስንቅ የምቋጥርለት ሰው አለኝ። የማመሰግነው ለዚህ ነው። ይህንን አይውሰዱብኝ።»

አጎቴ ዓይኑን ጠረገ። ዱቄቱ የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር፣ የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ትለብሳለች።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። በሩ ላይ የማናውቀው አስካሪ ቆሟል፤ የድሮው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተባለ። አዲሱ ስንቁን ይዞ ገባ፤ ሲመለስ ጨርቁን ሰጥቶን ፊቱን አዞረ። ጨርቁ ግን እንደ ወትሮው አልተዘረጋም፤ ጫፉ ተቋጥሯል።

እናቴ እዚያው መንገድ ዳር ፈታችው። ውስጡ የገብስ ቂጣ ቁራሽ አለች፤ አባቴ እንደሚያደርገው በጣት የተቆረሰች፣ ጥርስ ያልነካት።

ያ ለባዶ ጨርቅ እንኳ ጠፍቶባት የማያውቀው ቃል ያን ቀን ከእናቴ አፍ ጠፋ። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ቁራሿን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

«ተመስገን» አልኩ እኔ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «አሜን» አለች። ቁራሿን ሦስት ቦታ ቆርሳ አካፈለችን። ዱቄቱንም ከዚያ ወዲያ አጎቴ እየፈለገ ከአስኮ ይዞልን ይመጣ ነበር።

አባቴ ጣሊያን ሊወጣ ሲል ተፈትቶ መጣ፤ ከስቶ፣ የፊት ጥርሶቹ ረግፈው። ገና ጋቢ ሳይደረብለት፣ ለምን ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ጨርቅ ትልክልን ነበር ብዬ አፋጠጥኩት። እሱም ቁራሽ ሳያስቀር የበላበት ቀን እንዳልነበረ ነገረኝ። የድሮው አስካሪ፣ አባቴ በልቶ እስኪጨርስ ከአጠገቡ ቆሞ ይጠብቅና፣ ጨርቁን ወደ በሩ ሲመልስ ቁራሿን መንገድ ላይ ይበላታል፤ አባቴም ይህን ያውቅ ነበር።

«አገሩ ሩቅ ነው» አለ አባቴ። «እንግዳ ነበር።»

እኔ እርግማኔን ልጀምር ስል፣ እናቴ የእግር ውሃ ይዛ እየገባች ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ከአባቴ እግር ስር ተንበርክካ ውሃውን አስቀመጠች።

«እንኳን በላት» አለች።