የጠፋው የአበርገሌ ዝርዝር

ዛሬ ጠዋት ቢሮ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሰርቨሩ እስኪነሳ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ዘሀራ ትዝ አለችኝ።

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ምዝገባ ቢሮ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠርኩበት ዓመት ነበር። ግንቦት ስለሆነ አቧራው ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። መዝጋቢያችን ዘሀራ የገበያው ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ያመጣችውን የሽምብራ ቆሎ ለሁላችን ሳታካፍል ሥራ አትጀምርም።

አንድ ከሰዓት የአበርገሌ ወረዳ ተረጂዎች ዝርዝር ከዳታቤዙ ጠፍቶ ተገኘ። ዱቄት የጫኑት መኪኖች በማግስቱ ወደ ቆላው ሊወርዱ ነው። ስሙ ያልተገኘ ሰው ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው። የምንገባው ሁላችንም በአንድ የተጠቃሚ ስም ስለነበር ማን እንደሰረዘው በስም አይታወቅም። መረጃው የተቀመጠበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ግን ከየኮምፒውተራችን ለተከፈተ ግንኙነት ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፤ ሎግ በምንለው መዝገቡም ላይ ያሰፍረዋል። ከምሳ በኋላ ዝርዝሩን የሰረዘው ቁጥር 2114 ነው። የጠዋቱን መዝገብ ሳይ 2114 የዘሀራ ኮምፒውተር ነው። ይህንኑ ለኃላፊያችን ለአቶ ካሳ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ" አሏት።

"አቶ ካሳ፣ እኔ አልነካሁትም። ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሬን አልከፈትኩም" አለች። እሷ መሳቢያዋን ስታራግፍ እኔ መዝገቡን እንደገና ላየው ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ያኔ አስታወስኩ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ቁጥሩን እንደ አዲስ ይጀምራል። የጠዋቱና የከሰዓቱ 2114 ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች ናቸው ማለት ነው። ቁጥሩን ግንኙነቱ ከተጀመረበት ሰዓት ጋር አጣምሬ እንደገና ፈለግሁ። የከሰዓቱ የተከፈተው ከእኔው ኮምፒውተር ነበር። የተደገሙ ስሞችን ለማጽዳት የጻፍኩት ትእዛዝ ወረዳውን በሙሉ ጠርጎት ኖሯል።

ተነስቼ ሄድኩ።

"አቶ ካሳ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። አብዛኛውን ከመጠባበቂያ ቅጂው ዛሬውኑ እመልስልዎታለሁ።"

ቅጂው ላይ ያልነበሩትን ስሞች ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ዘሀራ ከወረቀት ቅጾቹ እያነበበችልኝ እኔ ጻፍኩ። አንዴ ብቻ ቀና ብላ "ባታገኘውስ ኖሮ?" አለችኝ። መኪኖቹ በማግስቱ ዝርዝሩን ይዘው ወረዱ።

ዛሬ ታሪኩን ስናገር ሰዎች "እኔ ነኝ" ማለቴን ያደንቃሉ። እኔ የምኮራው ግን ከዚያ በፊት ባለችው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሁሉም አለቀ ባለበት ሰዓት ቁጥሩን ዳግም ላጣራ ተመልሼ በመቀመጤ።