ጦም አዳሪ ያልኩት ማሳ

ቁጡ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ያን ቀን ግን ቁጣዬ የት እንደ ገባ እንጃ። የመሬት ባለሙያ ነኝ፤ ከአሰላ በሳጉሬ መስመር በሚኒባስ እየተመላለስኩ ማሳ እለካ ነበር። ኃላፊያችን ጠርተውኝ መንገድ ዳር ያለውን የአንዲት ባልቴት ማሳ «ጦም አዳሪ ነው ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጦም ያደረ መሬት ይነጠቃላ! የአለቃቸው አማች ነዳጅ ማደያ ሊሠራበት ቋምጧል። ኃላፊያችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ በቢሮ መሐል የሚስቁ ናቸው። እንጀራዬን ፈራሁና ፈረምኩ።

በሳምንቱ ባልቴቷ መጡ። ከሻሻቸው ጫፍ እሸት ገብስ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ወላሂ ብለሽ ንገሪኝ፤ ይሄ ጦም ያደረ ነው?»

የፈረምኩት እኔ መሆኔን አያውቁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወዲያው የዓመቱ ግምገማ ደረሰ። በእኛ ቢሮ ሰው ግለ ሂስ ሲያደርግ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፤ «አረፍዳለሁ፣ ቶሎ እቆጣለሁ» ይላል። ይጻፋል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ኃላፊያችንማ «ሥራ ስለማበዛ ለጤናዬ አላስብም» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ጉድ እኮ ነው! ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ገብስ የበቀለበትን ማሳ ጦም አዳሪ ነው ብዬ በሐሰት ፈርሜያለሁ። ያዘዙኝ እኚህ ኃላፊ ናቸው፤ የፈረመው ግን የእኔ እጅ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ።»

«ይሄ ግለ ሂስ አይደለም! ተቀመጪ!» ብለው ጮኹ ኃላፊው።

«ራሴን ነው የወቀስኩት። ጸሐፊው ሳያነብልኝ አልቀመጥም።»

ጸሐፊው አነበበ። ማንም አላጨበጨበም። እውነቴን ነው፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቃለ ጉባኤው ወደ በላይ አካል ይላካልና መሬቱን መንጠቁ ለጊዜው ቆመ። እኔን ግን ከልኬት ሥራ አንስተው ወደ አሮጌ ፋይል ክፍል ወረወሩኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው ራሳቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«እኅቴ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉ ለስለስ ብለው። «‹በስሜት ነው የተናገርኩት› ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ። ነገውኑ ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ።»

ያቺ መስመር ከተጻፈች የባልቴቷ ማሳ እንደሚወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እሺ» አልኳቸው፤ «ማሳው ድረስ አብረን እንሂድና ገብሱ መሐል ቆመው ያስፈርሙኝ።»

አልሄዱም። ባልቴቷ ገብሳቸውን አጨዱ።