ዓይኗ ሳይሸፈን የተሸኘች ድመት

ድመት አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በሁዳዴ ጾም ለአንዲት ድመት ቤት ፍለጋ ደብረ ብርሃንን ስዞር ያዩኝ ሰዎች ሁሉ የድመት ወዳጅ አድርገው ስለያዙኝ ነው። ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ አስቁሞ የድመቱን የሆድ ሕመም የሚያማክረኝ ሰው አለ። የእኔ ሥራ ግን ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ስልክ ቻርጅ ማድረግ ነው።

ድመቷን ያመጡብኝ አንዲት ደንበኛዬ ናቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ የሚኖሩ፣ እማማ የምላቸው ሴት ናቸው። መጠለያው ውስጥ መብራት እንደ ልብ ስለማይገኝ ስልካቸውን እኔ ሱቅ ይሰኩና እስኪሞላ ድረስ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ሲደወልላቸው ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ስልኩ ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

አንድ ቀን ስልኩን ከሰኩ በኋላ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንዲት ግራጫ ድመት አወጡ። ገና ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ከፊቷ ይበልጣል። እዚያው መጠለያ ውስጥ ተወልዳ፣ እናቷን መኪና ገጭቷት፣ እማማ በሻይ ማንኪያ ወተት እያጠጡ ያሳደጓት ናት። አሁን ግን ጉድ ፈልቷል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች በሸራ ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ ሸራው ድንበር መሆኑን ደግሞ ለድመቷ የነገራት የለም። የጎረቤት ልጆች እራት ላይ ደጋግማ ተገኝታለች። ነዋሪዎቹ የመረጡት ኮሚቴም ተሰብስቦ፣ እስከ እሑድ ካልወጣች መርዝ እንደሚሰጣት ወስኗል። እማማ በኮሚቴው አልፈረዱም። የልጅ ጉሮሮ ይቀድማል አሉ። ይህን ሲሉ ግን እጃቸው ከድመቷ ጀርባ ላይ አልተነሳም።

«አንቺ ሰው ታውቂያለሽ፤ ቤት ፈልጊላት» አሉኝ።

ሰው ማወቅ እንዲህ ያለ ጣጣ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ ፎቶዋን አንስቼ የዕድራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ ጽሑፉን ሳልጨምር መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ገባና ያዘኝ። ስመለስ ግሩፑ በሐዘን ተሞልቶ ጠበቀኝ። እዚያ ፎቶ የሚለጠፈው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ፣ አባላቱ ፎቶውን ሳይከፍቱ እንደ ልማዳቸው «ነፍስ ይማር» ሲሉ ቆይተዋል። የዕድሩ ጸሐፊ ድንኳኑ የት ይተከል ብሎ ጠይቋል። አንዲት ጎረቤቴማ ሟቿን በደንብ ታውቃት እንደነበርና ከሰው ተግባቢ፣ ደግ ሴት እንደነበረች ጽፋለች። ነገሩን ሳስረዳ ማንም አልሳቀም። ይልቅ በዕድር የምትቀልድ ተብዬ ተወቀስኩ፤ ጎረቤቴም አስተያየቷን በዝምታ አጠፋችው።

ያም ሆኖ ወሬው ተሰማና ጠያቂዎች መጡ። ሴት ልጅ ሲድሩ እንኳ እንዲህ ያለ ማጣራት አይቼ አላውቅም። አይጥ ትይዛለች ወይ? እናቷ አይጥ ትይዝ ነበር ወይ? ሴት ናት ስላቸው ትወልድብናለች ይላሉ፤ ወንድ ብትሆን ኖሮ ደግሞ ሲዞር ያድርብናል ባሉ ነበር። ብርድ ልብስ የሚነግደው ጎረቤቴ በግ የሚገዛ ይመስል አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ፤ ጀርባዋን ዳበሰ፤ በመጨረሻም ተስማማ። ይዟት ሊወጣ ሲል ከየት እንዳመጣኋት ጠየቀኝና ነገርኩት።

የመጠለያ መሆኗን ሲሰማ ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጣት። ከዚያ የመጣች እጇ አያርፍም አለ። እማማ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስልካቸው ስንት እንደደረሰ ብቻ ጠየቁኝ። ነጋዴውን በጣም ተናደድኩበት። ሲወጣ ግን እንደ ወትሮው ደህና ዋል አልኩት፤ ጎረቤት ነው።

ቀጥላ የመጣችው ሴት ድመቷን ከልቧ ወደደቻት። ችግሩ እግዚአብሔርን መፍራቷ ነበር። በጾም ወተትም ሥጋም ቤቷ አይገባም። ድመቷን በሽሮ ብታቆያት ግፍ ይሆንባታል፤ ወተት ብታስገባላት ደግሞ ራሷ ትፈተናለች። ብዙ ካሰበችበት በኋላ ከፋሲካ በኋላ እንዳመጣላት ነገረችኝ። እሑድን እንዴት እንደማሳልፍ ግን አልነገረችኝም።

ዓርብ ሲመሽ ተስፋ ቆርጬ አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ልጆቿ አዲስ አበባ ገብተው ከቀሩ ወዲህ በዚያ ሰፊ ቤት ከገብሷና ከአይጦቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። የድመቷን ባሕርይ አንድ በአንድ ማስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። ጥርስ ካላት ይዣት እንድመጣ ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጆንያ አዘጋጅቼ እማማን ጠበቅኩ። በእኛ አገር ድመት ቤት ስትቀይር ዓይኗ ተሸፍኖ ነው የምትሄደው። መንገዱን ካየች ወደ ቀድሞ ቤቷ ትመለሳለች ይባላል፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትም ያውቁታል። እማማ ግን ጆንያውን ሲያዩ ድመቷን ወደ ደረታቸው መለሷት።

«በጆንያማ አትሄድም» አሉ። «እኛ የመጣንበት መኪና በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ፣ ሲነጋ ደረሳችሁ ተባልን። የት እንደደረስን እንኳ አላወቅንም። እሷ የምትሄድበትን እያየች ትሂድ።»

አንጀቴን በሉት። አትክልት ከምትሸጥ ልጅ ክፍት ቅርጫት ተዋስኩ፤ ድመቷን በቀጭን ገመድ ወገቧን አስሬ አስቀመጥኳትና ዓይኗን እንደማልሸፍን ቃል ገባሁ። እማማ አልሳሟትም፤ አልተሰናበቷትም። ስልካቸውን ሳይሰኩ ተመልሰው ሄዱ።

ያን ቃል መጠበቅ ቀላል መስሎኝ ነበር። የአንኮበሩ ሚኒባስ ገና ሳይንቀሳቀስ ረዳቱ የድመቷ ዓይን ለምን እንዳልተሸፈነ ጠየቀኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ። አንዲት ተማሪ የአፍ መሸፈኛ ማስኳን አውጥታ አቀበለችኝ። አልፈልግም ስል ነገሩ የመኪናው ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ስለ መስኮቱ መከፈትና መዘጋት መስማማት ያቃተው ተሳፋሪ በድመቷ ዓይን ላይ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ግማሹ አላዋቂ፣ ግማሹ ግትር አለኝ፤ ሾፌሩ ደግሞ በመስታወቱ እያየኝ የከተማ ልጅ እንዲህ ናት አለ። ድመቷ የፊት እግሮቿን መስኮቱ ላይ አድርጋ ባሕር ዛፉንም፣ በጎቹንም፣ የታጨደውን የገብስ ማሳም እያየች ተጓዘች።

ወደ አንኮበር ስንቃረብ ጉም ወረደና መንገዱ ጠፋ። ሽማግሌው እፎይ ብለው፣ አንቺ እምቢ ብትዪ እግዜር ሸፈናት አሉኝ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እማማ ፊት የምከሰስ ይመስል ጉሙ እስኪገለጥ ተጨነቅኩ። ጎረቤላ ስንገባ ተገለጠ። ቅርጫቱን ከፍ አድርጌ ቤቶቹን አሳየኋት።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ድመቷን ዓይኗ ሳይሸፈን ስታያት ሰላምታውን ተወችና፣ ድመት አያያዝ እንኳ ሳያስተምሩ ነው ያሳደጉሽ ብላ ጀመረች። ገብተን ድመቷን ስፈታት ቀጥ ብላ የገብሱ ጆንያዎች ጀርባ ገባች። እኔም ተቀመጥኩና የሳምንቱን ነገር ሁሉ ተረክኩላት፤ ዕድሩን፣ ነጋዴውን፣ ጾመኛዋን፣ ሚኒባሱን። እውነቱን ለመናገር ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። ጆንያውን ለምን እንደተውኩት ለማስረዳት እማማ ያሉኝንም ነገርኳት። እስከዚያ ስትስቅ የነበረችው አክስቴ ሳቋን አቋረጠች።

«ሴትዮዋ አሁን የት ናቸው?» አለችኝ።

እዚያው መጠለያው ውስጥ ናቸው አልኳት።

«ሰው አላቸው?»

እንደሌላቸው ነገርኳት።

«ለድመቷ ብለሽ ስንቱን ቤት ጠየቅሽ?»

ያልጠየቅኩት የለም አልኳት። ስናገረው ትንሽ ኩራት ነበረብኝ።

«ለሴትዮዋስ?»

አፈርኩ። እማማ ሱቄ በር ላይ መቀመጥ ከጀመሩ ሁለት ክረምት አልፏል። ማንንም ጠይቄላቸው አላውቅም ነበር።